ሚስተር ዎልተር የጾሙባት ቅዳሜ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት እሳት ዳር ተቀምጬ ነው ብል፣ ሰው ወዲያው የሣር ጎጆ ይታየው ይሆናል። የእኛ እሳት ግን ቴክሳስ ውስጥ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር፣ ከአፓርታማችን ደረጃ ሥር፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር አጠገብ፣ አንድ እግሯ ተሰብሮ በጡብ በተደገፈች የከሰል መጥበሻ ላይ ነበር የሚነደው። የመጥበሻዋ ጌታ ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቀን ቀን ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ይሠራሉ፣ ሲመሻሽ ገብተው በቆሎ ይጠብሳሉ፣ በቆሎ ሲጠብሱ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። በቆሎው እስኪንጣጣ አንድ ተረት፣ ለሁላችን እስኪዳረስ ሌላ ተረት ነው።

ያኔ፣ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ያ ግቢ በእኛና በሜክሲኮ ልጆች የተሞላ ነበር። የደረጃው ቢጫ አምፖል ዙሪያ የእሳት እራት ይራኮታል፣ ጭሱ ንፋሱ ባዞረው ቁጥር ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እኛም ቀን ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለው ኮንክሪት ላይ ተኮልኩለን አፋችንን እንከፍታለን። የሜክሲኮዎቹ ልጆች አማርኛው ባይገባቸውም ጅቡ ሲመጣ ከእኛ እኩል ይጮሁ ነበር፤ ጋሽ ዘለቀ ጅብ ሲሆኑ ቋንቋ አያስፈልግም። ታዲያ ቁጡ ናቸው። ተረቱን መሃል ላይ ያቋረጣቸው ልጅ ወዮለት። «በል አንተ ንገረና እኔ በቆሎዬን ልብላ!» ይሉና ጥርቅም፤ እስክንለምናቸው ድረስ አፋቸው አይከፈትም።

ከመካከላችን ወንበር ያለው ታናሽ ወንድሜ ናቲ ብቻ ነበር። ወንበር ስል የወተት ሳጥን ማለቴ ነው፤ ጋሽ ዘለቀ ራሳቸው ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ «ይቺ የናቲ ናት» ብለው አወጁ፣ አለቀ። ናቲ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። የግራ እግሩ ከተወለደ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር፤ የሚረግጠው በውስጥ እግሩ ሳይሆን በእግሩ ጠርዝ ነው፣ ትንሽ ሲቆም ይደክመዋል። እማዬ ክሊኒክ ወስዳው ነበር። ሐኪሟ «አጥንቱ ሳይጠነክር መታከም አለበት፣ ቶሎ» አለቻት። ቶሎ ማለቱማ ቀላል ነው። አባዬ ታክሲ ይነዳል፣ እማዬ ኤርፖርት አውሮፕላን ታጸዳለች፣ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር በቤታችን አይታወቅም። እማዬ በዚያን ሰሞን ናቲ ሲተኛ እግሩን በዘይት እያሸች ታለቅስ ነበር፤ የማላይ እየመሰላት።

ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ማዶ ደግሞ አንድ ቀይ የጡብ ሕንፃ ነበር። ላይኛው ፎቅ መስኮት የለውም። ግንባሩ ላይ ኮምፓስና የአናጢ ማዕዘን ተሣልቶበታል። የፍሪሜሰኖች ሎጅ፣ ማለትም የማኅበራቸው መሰብሰቢያ ቤት ነው። እኔ የማውቃቸው የትምህርት ቤታችንን አጥር ቀለም የሚቀቡት ሽማግሌዎች ብዬ ብቻ ነበር፤ እኛ ግቢ አንዲት አሮጊት በዊልቸር መግባት ሲያቅታቸው እንጨት ጭነው መጥተው መወጣጫ የሠሩላቸውም እነሱ ናቸው። በየክረምቱ ለልጆች ኮት ያድላሉ። ኮቱን ሲያድሉ የሥጋ ቤት ሽርጥ የመሰለች ነጭ ሽርጥ የታጠቁም ነበሩባቸው፤ እኛ ልጆቹ በሽርጡ እንስቅ ነበር።

ናቲን ያየው ሰው የተገኘው በዚያ የኮት ቀን ነው። ሚስተር ዎልተር ይባላሉ። ረጅም፣ ኮስታራ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸው ላይ የወደቀ ሰውዬ ናቸው። የናቲን ዚፕ ሊዘጉለት ተንበረከኩና ዚፑን ትተው ጫማውን ያዙት። የጫማው ሶል ከውጭ በኩል ብቻ አልቆ ጨርቁ ይታይ ነበር። ገለበጡት፣ ቀና ብለው እማዬን አዩዋት፣ ከዚያ እኔን። «እናትሽን እንዲህ በያት» አሉኝ። «የልጆች አጥንት የሚያክም ሆስፒታል አለ። ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ስፖንሰር ላደርገው እችላለሁ።» ተረጎምኩላት። እማዬ ፊቷ በራ። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅ አለቻቸው። የስልክ ቁጥራችንን ጽፈው ካርድ ሰጧት።

ብርሃኑ ግን ከሁለት ቀን አላለፈም። ካርዱ ላይ ያ ኮምፓስ አለ። እማዬ ሥራ ቦታ ለእትዬ ብርቄ አሳየቻት። እትዬ ብርቄ አብራት አውሮፕላን የምታጸዳ፣ ያልሰማችው ወሬ የሌለ፣ ያልሰማችውንም የምትጨምር ሴት ነች። ካርዱን እንደ ትኩስ ድንች ጣለችው። «ፍሪሜሰን! አንቺ ሴት፣ አብደሻል? በደም ነው የሚያስፈርሙት! ልጅ ያከሙልሽና በኋላ ልጁ የእነሱ ነው። መስኮት የሌለው ለምን ይመስልሻል?»

እማዬ የዚያን ዕለት ቤት ስትገባ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ መሳቢያው ላይ ደግሞ የማርያምን ሥዕል አቆመችበት። አባዬ «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አለ። አባዬ በክፉም በደጉም «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ነው የሚለው። ሚስተር ዎልተር ሁለት ጊዜ ቤት ኮል አደረጉ፤ ሁለቱንም ጊዜ «እናቴ የለችም» በይ ተብዬ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ሳለ፣ እንዲያ አልኩ። ናቲ ደግሞ ሐኪም ቤቱን እንደ ጉድ ጓጉቶለታል። «መቼ ነው የሚሠሩልኝ?» ይላል፤ እግር የመኪና ጎማ ይመስል።

ጉዳዩን ጋሽ ዘለቀ ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ እኔ ልሆን እችላለሁ። በቆሏቸውን ትተው ወደ እኛ ቤት ወጡና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«አስካለ፣ አንቺ ልጁ እንዲድን ነው ወይስ ብርቄ ደስ እንዲላት የምትፈልጊው?»

«ጋሽ ዘለቀ፣ እርስዎ ደግሞ! የልጄን እግር ለሰይጣን ልስጥ?»

«ሰይጣን ሰይጣን አትበይብኝ! አባቶቻችን ሲኒማ ቤት ሲከፈት የሰይጣን ቤት ነው ብለው ሸሽተው አልነበር? በኋላስ ወረፋ ይዞ የሚጋፋው ማን ሆነ? እነሱው ናቸው!»

እማዬ ሳቋ መጣባት፣ ግን ዋጠችው። ጋሽ ዘለቀ አዲስ አበባ እያሉ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበሩ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፤ ስለ ማኅበር ሲያወሩ ድምፃቸው ሌላ ነው። «እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉትን አየሁት» አሉ። «የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተባቸውን ይቀብራሉ፣ ተራ ገብተው ይደግሳሉ። ይሄ ማኅበር ነው። ማኅበር ደግሞ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤ ማዕዳቸው ላይ አስቀምጪኝ፣ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚሆኑትን ልየው፣ ከዚያ እነግርሻለሁ። ጋኔን ከሆኑም እኔው ቀድሜ ነው የምሮጠው።»

እንዲህ ሆኖ ነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሎጁ የሄድነው። ሚስተር ዎልተር ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ጋሽ ዘለቀ ስልኩን ተቀብለው፣ በዚያ «የስ ሰር፣ ኖ ሰር» በሚበዛው የኤርፖርት እንግሊዝኛቸው፣ እንመጣለን ብለው ጨረሱ። ቅዳሜ ለሆስፒታሉ ልጆች ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ቀን ነው፣ የሆስፒታሉን ጉዳይ የሚይዘው ሰውም ይኖራል አሏቸው። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጠበል የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ ናቲን እጁን ጨብጣ ወጣች። አባዬ እንደ ልማዱ ታክሲ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። ሁዳዴ ነበር። ሎጁ ያዘጋጀው ደግሞ ባርቤኪው ነው።

ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለን ሸተተን። ከሕንፃው ጀርባ ከበርሜል የተሠራ ትልቅ የሥጋ ማጨሻ ቆሟል፤ ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ሜዳው ላይ ተንጣልሏል፣ ጠረኑ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጾም ለሚሸተው ሰው ግፍ ነው። እማዬ ባለችበት ቀጥ አለች።

«አዩ፣ ጋሽ ዘለቀ? በሁዳዴ! ሥጋ! ቀኑን ራሱ መርጠው!»

ጋሽ ዘለቀ ራሳቸውም ትንሽ ደንገጥ ብለዋል፣ ግን አልተሸነፉም። «አያውቁማ!» አሉ። «እነሱ ጾም የት ያውቃሉ።»

ረጅም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። ሁሉም ሰው ሳቀልን። ወዲያው በየፊታችን ሳህን ተደረደረ፤ የበሬ ፍርምባ፣ ከዳር ጥቁር ከውስጥ ሮዝ የሆነ፣ ቅባቱ የሚያብረቀርቅ። ጋሽ ዘለቀ ትክ ብለው አዩት። እሳቸው ጥሬ ሥጋ ወዳድ ናቸው። «ይሄን ሌሊቱን ሙሉ አጭሰውት አደሩ ነው የምትይኝ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ምን በድሏቸው ነው?» ናቲ ሳቀ፣ እማዬ ግን አልሳቀችም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ቁጭ ብላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ነው። ሳህኖቻችን ሳይነኩ ቀዘቀዙ።

ሚስተር ዎልተር ከማጨሻው አጠገብ ሆነው አዩን። ሽርጣቸው በጥላሸት ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ሌሊቱን እሳት ሲጠብቅ በማደር ቀልቷል። መጡና ቆቧቸውን አወለቁ። «ጠንክሮባችኋል እንዴ?» አሉኝ። እንደ ልጅ ነበር የተከፉት።

ነገርኳቸው። አሁን ጾም ነው፣ እስከ ፋሲካ ሥጋ አንበላም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አንበላም አልኳቸው። ፊታቸው ቀላ። «ኦ ሎርድ» አሉና ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሮጡ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ጓደኞቻቸውን ሰብስበው መመካከር ያዙ። መጀመሪያ ባቄላ መጣልን። ጋሽ ዘለቀ «እሰይ!» ብለው ማንኪያቸውን ሲሰዱ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይዞ ወጣ። የአሳማ! እማዬ አማተበች። የድንች ሰላጣ መጣ፤ እንቁላል አለበት። ጎመኑ መጣ፤ እሱም ማዮኔዝ ነው። ጋሽ ዘለቀ በየሳህኑ ላይ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ አጎንብሰው «ፍስክ!» «ይሄም ፍስክ!» እያሉ ይመልሳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ቃሉን ለምደውት «ፍስክ?» እያሉ ማቅረብ ጀመሩ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ጥሬ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያርና ቃሪያ፣ እንዲሁም ነጭ ዳቦ ነው። የዳቦውን ፌስታል እኔ አነበብኩ፤ ወተት የለበትም።

«ቃሪያ ካለማ ምን ጎደለ!» አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ዳቦውን ቆረሱ።

እማዬ ግን ተነሣች። «ሆን ብለው ነው» አለች። «ሊፈትኑን ነው። ሶሲ፣ ወንድምሽን ያዢ፣ እንሂድ።»

እኔ አልተነሣሁም። ናቲን አየሁት። ጫማውን እያየ ነበር።

በዚህ መሃል ሚስተር ዎልተር አንድ ባዶ ሳህን ይዘው መጡና ፊት ለፊታችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሳህናቸው ላይ ሽንኩርት፣ ኪያር፣ ዳቦ። ሌላ ምንም የለም። ወደ እኔ ዞረው «እንግዶቼ የማይበሉትን እኔም ዛሬ አልበላም ብሎሻል በያት» አሉኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን ገመጡት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አጠገባቸው የነበረ ሆዱ ሽርጡን የገፋ ጓደኛቸው የራሱን ሳህን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ «ዎልተር፣ እኔ ያን ያህል ጥሩ ክርስቲያን አይደለሁም» አለና ሥጋውን መብላቱን ቀጠለ። ሁሉም ሳቁ።

እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ግን ገና አልተረታችም። ጆሮዬን ጠጋ ብላ «አፉ ነው» አለችኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ሥጋ ሲያበስል አድሮ ማን ይታገሣል? አሁን ከኋላ ሄዶ ይበላታል። ሂጂና እሳቱ ጋ ቁጭ ብለሽ እዪው። ከበላ ትነግሪኛለሽ። ካልበላ…» አልጨረሰችውም። ናቲን ጭኗ ላይ አወጣችው።

እንግዲህ አስቡት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የወንድሜ እግር አንድ የቴክሳስ ሽማግሌ ሥጋ ቀመሱ አልቀመሱ በሚለው ነገር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሰላይዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እየሄድኩ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ቢበሉም አልበሉም እላለሁ። ወዲያው ደግሞ በሁዳዴ መዋሸት ኃጢአት መሆኑ ትዝ አለኝ። እማዬ ውሸቴን ከግንባሬ ላይ እንደምታነበውም አውቃለሁ። ያለኝ ተስፋ ሰውዬው ብቻ ነበሩ።

ማጨሻው አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ከሜዳው ላይ የመጋቢት ንፋስ ይመጣል፣ ከበርሜሉ ሥር ፍሙ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። አንዱ ሽማግሌ የጋዝ ፋኖስ አብርቶ ከምሰሶ ላይ ሰቀለ። ሚስተር ዎልተር ትልቅ ቢላ ይዘው ለተሰለፈው ገዢ ፍርምባ እየቆረጡ ነው። ልጆች ተሰበሰቡ፣ ጋሽ ዘለቀ ናቲን አዝለው መጡ፤ እማዬም ራቅ ብላ ቆማ ታያለች። «ሚስተር ዎልተር፣ የበቅሎዋን ንገሩን!» አለ አንድ ልጅ። ሽማግሌው እየቆረጡ ጀመሩ።

አባታቸው ባደጉበት ገጠር አንዲት በቅሎ ነበረች አሉ፤ ሰው ካልዘፈነላት ድልድይ አትሻገርም። አንድ ዝናባማ ቀን የአገሩ ሐኪም ወንዙ ማዶ አንዲት ልጅ ታማበት በበቅሎዋ ሲገሰግስ ድልድዩ አፍ ላይ ቀጥ አለችበት። ሐኪሙ ድምፅ የለውም፤ በዘፈነ ቁጥር ጭራሽ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቢጨንቀው እየጮኸ ወደ ገጠሩ ሎጅ ሮጠ። የሎጁ ሰዎች ስብሰባቸውን ጥለው፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ዝናብ እየወረደባቸው በድልድዩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ዘፈኑላት። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደች ተሻገረች። «ያቺ የታመመችው ልጅ አያቴ ነበረች» አሉ ሚስተር ዎልተር ቢላቸውን ቀና አድርገው። «በቅሎዋ ባትሻገር ኖሮ ዛሬ ሥጋ የሚቆርጥላችሁ አይኖርም ነበር።»

ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ለእኛ ልጆች በአማርኛ እየተረጎሙ ነው። ተረጎሙ ልበል እንጂ! በእሳቸው አፍ ሐኪሙ ዳኛ ሆነ፣ ወንዙ ዓባይን አከለ፣ ዘፋኞቹም ጅቦች ሆነው አረፉት። በቅሎዋን ሊበሉ ከበዋት ሳለ አንዱ ጅብ ድንገት ዜማ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፣ ዜማው ይዟቸው ሆዳቸውን ረስተው ሲያዜሙ በቅሎዋ ዳኛውን ይዛ እብስ አለች።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እሳቸው ጅብ አላሉም እኮ!» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ! ቴክሳስ ጅብ የለም፣ ታዲያ ምን ያድርጉ? ቢኖራቸው ይሉ ነበር!»

ናቲ ጀርባቸው ላይ ሆኖ ይንፈቀፈቃል። እኔም ከሳቅኩ በኋላ ነው ሥራዬ ትዝ ያለኝ። ዞር ስል፣ ከሚስተር ዎልተር ቢላ ሥር ያቺ ዳር ላይ ያለችው ጥቁሯ፣ የተጠበሰችው ጫፍ ተቆርጣ ወደቀች። የሚያበስል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አለ፤ እናቴም ወጥ ስትሠራ ታደርገዋለች፣ ሳያስቡት እጅ ራሱ ወደ አፍ ይሄዳል። የሚስተር ዎልተር እጅም ጫፏን አንስቶ ሄደ። አፋቸው ተከፈተ። እጃቸው አገጫቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሥጋዋን አዩዋት፣ ለራሳቸው ፈገግ አሉ፣ አጠገባቸው ለቆመው ሰው ሳህን ላይ ጣል አድርገው ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከእኔ በቀር ማንም አላያቸውም። እኔን አላዩኝም። ለማንም ብለው አልነበረም፤ ቃላቸው ስለነበረ ብቻ ነው።

ወደ እማዬ በረርኩ።

«በላ?»

«አልበላም! ሊበላ ነበር፣ እዚህ ደርሶ ነበር፣ ግን ተወው! ለሌላ ሰው ሰጠው!»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

እማዬ ግንባሬን አየችው። ደጋግማ አየችው። ጋሽ ዘለቀ ናቲን አዝለው ከኋላዬ ደርሰዋል፣ ማሾፍ አይለቃቸውም፤ «ሰይጣንስ ቢሆን መቼ ሥጋ ሲበላ አይተሽ ነው?» አሏት።

«ኧረ ይተዉኝ ጋሽ ዘለቀ!» አለች እማዬ። «ሰይጣን ለሰው ብሎ አይራብም።»

ናቲን ከጀርባቸው አወረደችው። እጁን ይዛ፣ ነጠላዋ ጭሱ ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ በሰልፉ ሰው መሃል ቀጥ ብላ ሄደችና የናቲን ትንሽ እጅ ሚስተር ዎልተር እጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ሁሉ ቅባትና ጥላሸት አልተጠየፈችም። እኔን አልጠበቀችም፣ ያላትን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጣች። «ኦኬ» አለቻቸው። «ማይ ሰን። ኦኬ።» ሚስተር ዎልተር ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሽንኩርቱ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የጀሶ ዓመት ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ጀሶ፣ ሌላ ጀሶ፣ ከዚያ ብረት ያለው ጫማ። አባዬ ታክሲ ላይ በሆነ ቀን ሚስተር ዎልተር ራሳቸው በአሮጌ ፒካፓቸው ያደርሱን ነበር፤ ቆቧቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እስክንጨርስ ይጠብቃሉ፣ ናቲ መርፌ ሲፈራ የበቅሎዋን ይነግሩታል። ናቲ «ጅቦቹስ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። በኋላ ጅብ ጨመሩ። እትዬ ብርቄም ወሬዋን አልተወችም፣ ግን ናቲን ለማየት ስትመጣ ብርቱካን ይዛ ነበር የምትመጣው፣ ቂም የላትም።

ዛሬ ሁለቱም ሽማግሌዎች የሉም። የሰማሁትን ተረት ሁሉ ይዤ ቀርቻለሁ ብል ውሸት ነው፤ ስንቱ ጠፍቶብኛል፣ ስንቱን ከስንቱ አደባልቄዋለሁ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የበቅሎዋን እነግራቸዋለሁ፣ የማን የማን እንደሆነ ለይቼ አልነግራቸውም። ከዚያ ዘመን አንድ ሳይደበዝዝ የቀረልኝ ነገር ግን ተረት አይደለም። የብረቱን ጫማ ያወለቁለት ዕለት ነው። ከሆስፒታል ተመልሰን፣ አባዬ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ እማዬ ናቲን ደግፋ አወረደችው። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ወደ እኛ ተንከባለለች። ናቲ የእማዬን እጅ ለቀቀና ተከተላት። መጀመሪያ ተራመደ፣ ከዚያ ፈጠን አለ፣ ከዚያ እግሮቹ ሁለቱም ኮንክሪቱን ጠፍ ጠፍ ማድረግ ጀመሩ።

«ናቲ!» ብላ ጮኸች እማዬ። «ኧረ አትሩጥ! ትወድቃለህ!»

የግቢው እናቶች ቀኑን ሙሉ ከየመስኮቱ የሚሉት ነገር ነው፣ ሰልችቷቸው የሚሉት። እሷ ግን ለዚህ ልጅ አንድም ቀን ብላው አታውቅም፤ የሚያስብል ነገር ኖሮ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አልኩት?» አለችኝ። «አትሩጥ አልሽው» አልኳት። የመኪናው ማቆሚያ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ ድምፅዋን የቻለችውን ያህል ከፍ አድርጋ፣ ለደስታዋ ብቻ ብላ ደገመችው፤ «ናቲ! አትሩጥ አልኩህ እኮ!»